ሴት የግድ ስለሚያስፈልግ

በአበባ እርሻው ሠራተኞች ማኅበር ስድስት ዓመት ሙሉ ምክትል ሊቀመንበር ነበርኩ። የተመረጥኩት፣ ሊቀመንበሩ ደመላሽ ራሱ እንደነገረኝ፣ «ሴት የግድ ስለሚያስፈልግ» ነው። ስብሰባ ላይ ገና አፌን ስከፍት «ብርቄ፣ እስቲ ሻይ አምጪልን» ይለኛል። ወንዶቹ ይስቃሉ። ሻዩን ይዤ ስመለስ ነገሩ አልቆ ይጠብቀኛል፤ የእኔ ሥራ መፈረም ብቻ ነው። አንድ ቀን የፈረምኩት ስምምነት ለካ ያረገዘች ሠራተኛ እንድትባረር የሚፈቅድ ኖሯል። ስምንት ሴቶች ተባረሩ፤ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲህ የማኅበሩን ደንብ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አራት ወር ፈጀብኝ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ባለፈው ሳምንት ደመላሽ ለወንድሙ ሰርግ ጎጃም ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት ደወልኩለት። ከበሮው ይሰማል።

«ምን ፈለግሽ ደግሞ? ሰርግ ላይ ነኝ እኮ!»

«እንኳን ደስ ያለህ። ሊቀመንበሩ ከሌለ ስብሰባ የሚጠራው ምክትሉ ነው ይላል ደንቡ። ዛሬ ጠዋት ጠራሁ። ሁለት መቶ ሰባ ሴት እጇን አወጣች። ስምምነቱንም አንተንም ሽረናል። ማኅተሙን ሰኞ ጠዋት ይዘህልኝ ና።»