የሁዳዴው የዓሳ ዘይት

አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይተሳሰር፤ የአማቴን የጋሽ ወንድይፍራውን ጉልበት የመለስኩት እኔ ነኝ።

ሁዳዴ ሲገባ ሰውዬው ያለ ሁለት ደጋፊ ከወንበር አይነሡም ነበር። ባለቤቴ «አባዬ እስከ ፋሲካ ብቻውን መነሣት ካልቻለ ቤቱን ዘግተን እኛ ጋ እናመጣዋለን» ብላ ቆረጠች። እሳቸው ደግሞ «ከዚህ ግቢ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው» አሉ። ይኼኔ ነው እኔ ከከተማው አንደኛ ፋርማሲ የዓሳ ዘይት ገዝቼ የደረስኩላቸው። አንዱ እንክብል የአውራ ጣቴን ያክላል! የዋጠው ሽማግሌ ጡንቻ ሲያወጣ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ።

የፋሲካ ዋዜማ በጉ ገመዱን በጥሶ አጥር ሊዘል ሲል፣ ጋሽ ወንድይፍራው ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ቀንዱን ጨብጠው መለሱት። ባለቤቴም «በቃ፣ እዚሁ ይኑር» አለች።

በማግስቱ ይህንኑ በበዓሉ ገበታ ላይ ለእንግዶች ሳወራ፣ አማቴ ማንንም ሳይደገፉ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ብልቃጡን እጄ ላይ አኖሩት። ማሸጊያው አልተነካም።

«ልጄ፣ ጾሙ ተፈታ አይደል? አሁን ክፈትልኝ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ንስሐ አባቴ በጾም ዓሳ አይፈቅዱልኝም። ስግደቱን ግን አንድ ቀን አላስታጎልኩም። መጀመሪያ ወንበር ይዤ ሦስት ነበር፤ ስቅለት ዕለት አርባ አንዱን ሞላሁ።»