ፀሐይ የጠገበው ፍሪጅ

ከማሉዲን ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ ከጨርቁ ግን ወሬው ይበዛል። ይህን የሚለው ጎረቤት አይደለም፣ ራሱ ነው። «እኔ የገዛሁት ዕቃ ሁሉ ከሱቅ ሲወጣ ያኮርፋል» እያለ በራሱ ይስቃል። ሙቅ አየር የሚተፋ ማቀዝቀዣ ገዝቶ ያውቃል። ሁለቱም የግራ እግር የሆኑ ጫማዎችም ገዝቷል፣ ለሳምንትም አድርጓቸዋል። የማይቀልድበት አንድ ነገር ቢኖር ጣሪያው ላይ የተተከሉት አራት የፀሐይ ፓኔሎች ናቸው።

ምክንያት ነበረው። ሚስቱ ማይሙና ስኳር አለባት። በጅቡቲ የሐምሌ ሙቀት መድኃኒቷ ፍሪጅ ካጣ አይቆይም። ባለፈው ዓመት መብራት ጠፍቶ መድኃኒቷ ተበላሸና ሆስፒታል ገባች። ያን ቀን ከማሉዲን በአልጋዋ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ፈራ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ፀሐይ ሆነ። «ከላይ ፀሐይ፣ ከታች እንፋሎት» ይላል፣ ከመሬት ሥር እንፋሎት ወደሚወጣበት ወደ አሳል ሐይቅ በኩል በእጁ እያመለከተ። «አላህ በሁለት ምድጃ መሃል ጥዶን፣ እኛ መብራት ጠፋ ብለን እናለቅሳለን።»

ፓኔሎቹን የተከለው ሙሕሲን የሚባል የድሬዳዋ ባለሙያ ነው። ሽቦውን አወረደ፣ ከፍሪጁ ጀርባ አንድ ሳጥን ሰቀለ፣ «የቀረችው ትንሽ ናት» ብሎ ለእህቱ ሰርግ ወደ አገሩ ሄደ። ከማሉዲን የዚያኑ ዕለት ፍሪጁን ከግድግዳው ነቅሎ በሰው ፊት ማለ።

«ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ፍሪጅ ከቤቴ ሶኬት ኮረንቲ አይቀምስም።»

ፍሪጁ ያን ቀን አልተነሳም። በማግስቱም አልተነሳም። ማይሙና መድኃኒቷን ጎረቤት ወስዳ አስቀመጠች።

«ፓኔል እንደ ሰው ነው» አላት ከማሉዲን። «መጀመሪያ ፀሐይ መጥገብ አለበት።»

በሦስተኛው ቀን ከሱቅ ሲመለስ ፍሪጁ እያጉረመረመ ጠበቀው።

«ጠገበ» አለ።

«ጠገበ» አለች ማይሙና፣ ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርት እየከተፈች።

ሳጥኑን ለማየት ከፍሪጁ ጀርባ ሊገባ ሞከረ። ቦርጩ አላሳልፍ አለው። «ሳይንስ ለቀጭን ሰው ነው» ብሎ ተወው።

ጣጣው የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የእሱም ፍሪጅ አብሮ ይጠፋል። በቀትር፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ። መብራት ሲመጣ ፍሪጁም ይነሳል። አንዳንዴ ሰዓት ሙሉ ይቆያል፤ ከማሉዲንም ያን ሰዓት ሙሉ የፍሪጁን በር በጀርባው ደግፎ ይቆማል፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ።

አሰበ፣ አሰበና ነገሩ ቁልጭ አለለት። መብራት ሲጠፋ አንድ ሰው ከእሱ ፓኔል ይሰርቃል፤ ሲመጣ ይተዋል።

ሌባውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ግድግዳ የሚጋሩት ጋሽ ወልደየሱስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ባቡር ጣቢያ የሠሩ፣ አሁን በረንዳቸው ላይ ማራገቢያ ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡ ጡረተኛ። በየማለዳው «ከማል፣ እንዴት አደርክ?» ይሉና አስከትለው «ፍሪጁስ እንዴት አደረ?» ይላሉ። ንጹሕ ሰው የሰው ፍሪጅ አዳር ምን ያደርግለታል?

በዚያ ላይ ማይሙና በየሐሙሱ ሳምቡሳ ጠብሳ ትልክላቸዋለች።

«ለሌባ ደግሞ ቀለብ እንስፈርለት?» አላት አንድ ቀን።

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። «አቦ ተው፣ ከማል። ጎረቤት ናቸው። ያንተም መሐላ አልተነካ፣ ዝም ብለህ ብላ።»

መሐላውን ምን አመጣው ሊላት ፈልጎ ነበር፤ አፉ ሳምቡሳ ሞልቶ ነበርና አለፈው።

ለአዛውንቱ ሰላምታ መስጠት ተወ። ደስ አላለውም። አባቱ የሞተ ጊዜ ጋሽ ወልደየሱስ ሦስት ቀን ከድንኳኑ ያልወጡ ሰው ናቸው። ግን የማይሙና ሕይወት ፍሪጁ ውስጥ ነው፤ ይህን እያወቁ እንዴት ይሰርቋታል? ይሄ አንጀቱን አቃጠለው።

አርብ ከጁምዓ ሲመለስ ጣሪያ ወጣ። እያለከለከ፣ «ሌባ የሚይዝ ሰው እንዲህ አይተነፍስም» እያለ ራሱን እየሰደበ። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ አገኘው፤ ከጋሽ ወልደየሱስ ግድግዳ የሚመጣ ጥቁር ገመድ። ታንከሩ ሥር ከሌላ ገመድ ጋር ተሰክቷል፣ ዝናብ እንዳይነካውም በፌስታል ተጠቅልሏል። ሁለተኛው ገመድ ከፓኔሎቹ ሽቦዎች መሃል ገብቶ ይጠፋል። ከማሉዲን ከዚህ በላይ መመርመር አላስፈለገውም።

ገመዱን በእጁ እንደያዘ ወደ ታች ተመለከተ፤ አዛውንቱ በረንዳቸው ላይ ማራገቢያቸው ሥር ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ወልደየሱስ፣ ያችን ማራገቢያ ይሰናበቷት።»

ቀና አሉ። በእጁ የያዘውን ሲያዩ ጋዜጣው ከጉልበታቸው ወደቀ።

«ከማል፣ ተው። እባክህ እሱን አትንካው።»

«አመኑ» አለ ከማሉዲን። ያሸነፈ መስሎት ነበር። «እርስዎ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ።»

ነቀለው።

የጋሽ ወልደየሱስ ማራገቢያ መዞሩን አላቆመም፤ ከታች፣ ከገዛ ቤቱ ማድቤት ግን ማይሙና «ከማል፣ ፍሪጁ ጠፋ» ስትል ሰማ።