የሰይዳ መረሚያ

ሰይዳ ከቦኖ የቀዳችውን ጀሪካን አዝላ ወደ ግቢ ስትገባ፣ አባቷን አጥሩ ሥር ጎንበስ ብለው አገኘቻቸው። የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘዋል። እጃቸውን ግን አልታጠቡበትም፤ ዘቅዝቀው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መረሚያ የምትለው ተክሏ ሥር አፈሰሱት።

«አባ! ምን እያደረጉ ነው?»

አባቷ አሊዪ ደንግጠው ቀና አሉ። «ጠምቶት ነው። እይው እስቲ፣ እንዴት እንደጠወለገ።»

መረሚያውን ያመጣችው ከዮርዳኖስ ነው። አማን ከተማ ውስጥ በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ፣ የአሠሪዋ እናት በረንዳ ላይ በአሮጌ ጣሳ ያበቅሉት ነበር። ቅጠሉ አመዳማ፣ አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ በሻይ ይጠጣል፣ ንብ አይጠፋበትም። አሮጊቷ «ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ አይለምንም» ብለው ዘሩን በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። የሸዋ ሮቢት ሐሩር ይስማማዋል ብላ አራት ችግኝ አፈላች። ሦስቱ ተራ በተራ ቢጫ ሆነው ሞቱ። አፈሩን ጠረጠረች፣ ምስጡን ጠረጠረች፣ ዘሩንም ጠረጠረች። የቀረው ይሄ አንዱ ነበር።

«ሁልጊዜ ያጠጡታል?»

«በየቀኑ። አንቺ ከግቢ ስትወጪ።»

«ሦስቱንም ያጠጧቸው ነበር?»

«ሦስቱንም። መጠውለግ ሲጀምሩማ እንዲያውም ጨመርኩላቸው።»

ሰይዳ ጀሪካኑን አወረደች። የመጣላትን ልትናገር አፏን ከፈተች። ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ ቤት ያለው በልክ ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ከንፈራቸውን አየች። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከምሳ በኋላ ውሃ ስታቀርብላቸው «አስቀምጪው፣ በኋላ እጠጣዋለሁ» የሚሉት ትዝ አላት። አፏን መልሳ ዘጋች።

ከመጣች አራት ወሯ ነው። ያኔ አትሂጂ ብለዋት ነበር፤ እሷ ሳትሰናበታቸው ከደላላ ጋር ሄደች። በዘጠኙ ዓመት ስትደውል ስልኩን አሁን ማጀቴ ከተማ ላገባችው እህቷ ለሙሀባ ያቀብሉ ነበር እንጂ፣ አንድ ቀን ጆሯቸው ላይ አላደረጉትም። ከተመለሰችም ወዲህ «ብዪ»፣ «በሩን ዝጊው» ከማለት አላለፉም።

«አባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ ተክል ውሃ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል።»

አሊዪ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡት። «እኔ ነኛ የጨረስኳቸው» አሉ።

«አላወቁማ።»

«ጠዋት ጠዋት አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ስታዪው አይሻለሁ። ይሄ እንኳ ይጽደቅላት ብዬ ነው።»

ሰይዳ ተንበርክካ ጭቃውን በጣቷ ማሰች። ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ከመካከሉ ግን አንዲት ነጭ፣ ሲነኳት የማትላሽቅ ሥር አገኘች።

«ይተርፋል?»

«ኢንሻአላህ። ጠጠር ያለው ደረቅ ቦታ ካገኘ።»

አሊዪ ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። ግንብ ሲሠራ የተረፈውን ጠጠር በባልዲ እየጎተቱ ተመለሱ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የማይለቀው ከፍ ያለ ጥግ ላይ አብረው ቆፈሩ። እሷ የበሰበሰውን ቆርጣ ጣለች፤ እሳቸው ግንዱን ቀጥ አድርገው ያዙላት።

«እንዲህ ነው?»

«እንደሱ። እንዳይለቁት፣ አፈሩን ልመልስ።»

ሲጨርሱ አሊዪ ቤቱ ጥላ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጭቃ የያዘ መዳፋቸውን እያዩ፣ «እዚያ አገር ታመሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

ስለዚያ አገር አንድም ነገር ጠይቀዋት አያውቁም።

«አንዴ። ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ኦፕራሲዮን ሆንኩ።»

«ማን አስታመመሽ?»

«ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ።»

አሊዪ ወደ ድንጋዩ ጫፍ ፈቀቅ ብለው ከጥላው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ ቁጭ በይ» አሉ። «ከሄድሽበት ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ሰይዳ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች።