ያልመጣው ይመረጣል

በሃልስተን የታዳጊዎች ሆኪ ማኅበር ሊቀመንበር መሆን የሚፈልግ ሰው የለም። ደመወዝ የለው፣ ምስጋና የለው። ያለው ስድብ ብቻ ነው። የበረዶ ሜዳውን ሰዓት ለዘጠኝ ቡድን ማከፋፈል፣ ዳኛ መለመን፣ አሠልጣኝ ማስታረቅ፣ ከዚያ ደግሞ «ልጄን ለምን ተቀያሪ አደረጋችሁት?» የሚል አባት ገና ቁርስ ሳይበላ ሲደውል «እሺ ጌታዬ» ማለት ነው።

ኖሪን ፔትራሽ ይህን ሥራ አራት ክረምት ተሸክማዋለች። ደንቡ ተተኪ ካልተገኘ የነበረው ይቀጥላል ይላል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ተተኪ ስላልተገኘ ቀጠለች።

ዘንድሮ ግን ልትወርድ ምላለች። ልጇ ካሊ በረኛ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የሚመጣው ክረምት እዚህ የምትጫወትበት የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ባለፈው ክረምት ካሊ ከተጫወተቻቸው ሠላሳ ጨዋታዎች ኖሪን እስከ መጨረሻው ያየችው ሁለቱን ነው። የቀረውን ኮሪደር ላይ ቆማ የወላጅ እሮሮ ስትሰማ አሳለፈችው።

ካሊ ዛሬ የመኪናውን ቁልፍ ስትቀበላት፣ «እማ፣ ዛሬ ካልወረድሽ እኔ ራሴ ጎትቼ ነው የማወርድሽ» አለቻት። ኖሪን ሳቀች።

ጠቅላላ ጉባኤው በዚያው የሚያዝያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሜዳው በላይ ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። ከመቶ አርባ ቤተሰብ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ለሃልስተን ይህ ጥሩ ቁጥር ነው። ውጭ ዝናብ የተቀላቀለ በረዶ ይጥላል። ከጎረቤት ከተማ ዶናት ልታመጣ የሄደችው ካሊ ስለዘገየች ሰው ባዶ ቡና እየጠጣ ያጉረመርማል።

«ቨርን የት አለ?» አለ ምክትሉ ዳሪል።

ሁሉም ዞር ዞር አሉ። ቨርን ታንግስታድ የጨዋታ ሰዓት የሚይዘው ሽማግሌ ገበሬ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከአንድም ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም።

«ብልጥ ነው እኮ!» አለች ጸሐፊዋ ግሌንዳ። «ዛሬ ምርጫ መሆኑን ያውቃል። ሾልኳል።»

«ሾልኮ የት ሊደርስ? ያልመጣው ይመረጣል!» አለ ዳሪል። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የማኅበሩ የቆየ ቀልድ ነው፤ እንዲያውም ከነበሩት ሊቃነ መናብርት ግማሾቹ የተመረጡት በዚሁ ቀልድ ነው። «ቨርንን ጠቁሜያለሁ። የሚደግፍ?»

አምስት እጅ ወጣ። በዚያው ቅጽበት የኖሪን ስልክ ጮኸ። ቨርን ነው።

ልታነሳው ስትል ግሌንዳ እጇን ያዘቻት። «ምን ነክቶሽ ነው? እንዳታነሺ!»

«ምን ሊለኝ ነው?»

«አልፈልግም ሊልሽ ነዋ! ደንቡን አንቺ ራስሽ አይደለሽ ያረቀቅሽው? ከድምፅ በፊት እምቢ ያለ ይሰረዛል፤ ዝም ያለ ተስማማ። አንሺውና አምስተኛ ዓመትሽን ጀምሪ!»

ኖሪን ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቨርን ሚስቱ የሞተችበት፣ ጉልበቱ የታመመ ሰው ነው። ሥራው እንደሚገድለው ታውቃለች። አሳዘናት፤ ቢሆንም ከእሱ ራሷን አስቀደመች።

ስልኩ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ጮኸ። ቀጥሎ የግሌንዳ ጮኸ፤ ዘጋችው። ከዚያ የዳሪል። ሰው በሳቅ እንባው መጣ።

«በጭንቀት ሊሞት ነው!» አለ አንዱ።

«መልእክት ጽፎ ቢልክስ?» አለች ኖሪን።

«በዚያ ወፍራም ጣቱ? አንድ ቃል እስኪጽፍ እኛ ሌላ ሊቀመንበር እንመርጣለን።»

ከአዳራሹ ጎን ያለው የምግብ መሸጫ ስልክ ሲጮህ ዳሪል ሮጦ አነሳና እንደ ማሽን አፍንጫውን ይዞ፣ «የደወሉለት ሰው አሁን ሊገኝ አይችልም» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ዘጋው።

«ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው» አለ ሲመለስ። «ግጦሽ ሜዳ ላይ ቆሟል። ከላሞቹ ጋር ተደብቋል።»

«በሉ ቶሎ ድምፅ እንስጥ» አለች ኖሪን። በሩን እያየች ነበር፤ ሽማግሌው በድንገት ከች ቢል ጉዷ ነው። «የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ? ቨርን ታንግስታድ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።»

ግሌንዳ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ በጭብጨባው መሐል የኖሪን ስልክ አራተኛ ጊዜ ጮኸ። ኖሪን ከወንበሩ ተነሳች፤ ትከሻዋ ቀለላት፣ እንደ ልጅ መዝለል አማራት። በሚመጣው ክረምት ከግቡ ጀርባ ካለው መስታወት ጋር ተጠግታ ትቀመጣለች። ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ማንም አያስነሳትም። ለካሊ ራሷ ናት የምትነግራት፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድማት ሁሉንም አስጠነቀቀች።

«የድምፅ መልእክት ትቶልሻል እኮ!» አለ ዳሪል፣ ስልኳን አንስቶ እያሳያት። «አራት! ድምፁን ክፈቺውና ሲለምንሽ እንስማው።»

«ኧረ ነውር ነው» አለች፤ ግን እየሳቀች ነበር።

ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው። መጨረሻ የተተወው መልእክት ነበር ቀድሞ የመጣው። አሥራ አንዱም ሳቃቸውን አፍነው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኖሪን፣ ቨርን ነኝ። አምቡላንሱ እስካሁን አልደረሰም። መንገድ ላይ ከተገለበጠው መኪና አውጥቻት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዤላት ነበር፤ ድምፅሽን ብቻ ነበር የፈለገችው። አሁን ቀስ ብለሽ ነይ… ካሊ አርፋለች።»