ነጩ ግድግዳ
ዩስሌይዲ የአየር ሽጉጧን ይዛ መስመሯ ላይ ቆመች። በፓን አሜሪካ ጨዋታዎች የቀራት አንድ ተኩስ ነበር፤ ስምንት ነጥብ ካገኘችበት ኦሎምፒክ ትገባለች። ዒላማውን ትክ ብላ አየችው።

«የቤታችሁ ግድግዳ ነው በዪ፣ ልጄ» አላት አሰልጣኟ ከኋላዋ። ኩባ ውስጥ ጥይት እየጠፋ፣ ለዓመታት በባዶ ሽጉጥ የቤቷ ነጭ ግድግዳ ላይ ስታነጣጥር ነው የሰለጠነችው። «መምህር፣ ዛሬም ጥይት የለም?» ስትለው፣ «ምን ያነጫንጭሻል? ግድግዳው እንደሆነ አይሮጥብሽ!» እያለ ያስቃት ነበር።

ግድግዳውን አሰበችው። ክንዷ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ እንደዚያ ረግቶላት አያውቅም። ምላጩን ሳበች፤ ሽጉጡ እፍ አለ። የነጥብ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ወጣ።

ዓይኗ ከፊቷ ወዳለው ጠረጴዛ ወረደ። ለሽጉጧ ልታጎርሳት ያዘጋጀቻት ትንሽዬ ጥይት፣ ካስቀመጠቻት ቦታ ንቅንቅ አላለችም።