የመርዳሳ ተማሪ

መርዳሳ ማንንም አስተምሮ አያውቅም። ከወለንጪቲ ወረድ ብሎ አዋሽ ዳር ባለው ቁጥቋጦ አጋዘን የሚያድነው ብቻውን ነው። ፈቃድ የሌለው አዳኝ ምስክር አይወድም። ስለዚህ ሚኪያስ የሚባል የአዳማ ልጅ በተሰባበረ ኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" ብሎ ደጁ ቆሞ "አደን ያስተምሩኝ" ሲለው፣ ደጋግሞ መለሰው።

ልጁ ግን መመላለሱን አልተወም። በመጨረሻ የመርዳሳ ሚስት ቡዜ ጣልቃ ገባች።

"ጨዋ ልጅ ነው። ብትወስደው ምን ይጎድልብሃል?"

ወሰደው።

"አጋዘን የሚያውቅህ በአፍንጫው ነው" አለው በመጀመሪያው ቀን። "ይሄ ሽቶህ ሞጆ ድረስ ይሸታል።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚኪያስ ሳሙና ያልነካው ገላውን ይዞ፣ ልብሱን በፍየል በጠጥ አሽቶ መጣ። መርዳሳ አቧራ ቆንጥሮ እየለቀቀ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አሳየው። ግራር ላይ አወጣጥም አስተማረው፤ እሾሁን እየለየ፣ ቅርፊቱን ሳያንኮሻኩሽ።

"አጋዘን ቀና ብሎ ዛፍ አያይም። የሚያየው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ጉንዳን ቢበላህ፣ እኔ እታች ምንም ስሠራ ብታይ፣ ንቅንቅ እንዳትል።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

መልሱ ሁልጊዜ ይኸው ነበር። መርዳሳ ሲመጣ ከተቀመጠበት ይነሳል፤ ምንሽሩን ይሸከምለታል፤ መርዳሳ ሳይጎርስ አይጎርስም። ከከተማ የመጣ ወጣት እንዲህ አንገቱን ሲደፋ ማንም ሰው ይጠረጥራል።

መርዳሳ ደግሞ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበረው። የአደን ባልንጀራው ራህመቶ አምና ተይዟል። ያስያዘው ሰው "ቀንድ ገዢ ነኝ" ብሎ ቤቱ ሲበላ ሲጠጣ የከረመ ሰላይ ነበር። ዛሬ ራህመቶ እስር ቤት ነው፤ በሬዎቹ ተሸጠዋል፤ ሚስቱ መቂ ወርዳ የሰው ሽንኩርት ትለቅማለች። መርዳሳ እስር ቤቱን ሳይሆን ይሄንን ይፈራል። ቡዜ ከሽንኩርት ለቃሚዎች ጋር መኪና ላይ ተጭና ስትሄድ፣ አዳማ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጁ ኢፍቱ በአባቷ ስታፍር ይታየዋል።

ሚኪያስ ጥያቄም ያበዛ ነበር። ወንድሞችዎ የት ይኖራሉ? የትውልድ አገርዎ የት ነው? የአባትዎ አባት ስም ማን ይባላል? የእሳቸውስ አባት? መርዳሳ በአጭሩ ይመልሳል፤ ልጁ ደግሞ አንዷም እንዳትጠፋው ስሞቹን በሹክሹክታ ይደጋግማቸዋል። እንዲህ ያለውን ነገር መርዳሳ የሚያውቀው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

አንድ ቀን ከተገደለ አጋዘን አጠገብ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

"ለማን ነው?" አለ መርዳሳ።

"ለራሴ ነው፣ ጋሼ" አለና ልጁ ቀላ።

መርዳሳ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። "ልጁ አላማረኝም" ቢላት ቡዜ ሳቀችበት። እሷ ሚኪያስ ያመጣላትን ሻርፕ ለብሳ ገበያ መሄድ ጀምራለች፤ በእሷ ቤት ጉዳዩ አልቋል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የመጣው አንድ ዓርብ ማታ ነው። ሚኪያስ ለነገው አደን እዚያው ሊያድር መጥቶ፣ ከበረቱ ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልክ ያወራል። መርዳሳ ጆሮውን ጣለ።

"እሁድ ጠዋት ይመጣሉ። ሦስት ናቸው። ከቤት ሳይወጡ እንዲደርሱባቸው ማልደው ይነሳሉ… የለም፣ እሳቸው ምንም አያውቁም።"

ሊያሳስረው ያለው ሰው "እሳቸው" እያለ ማክበሩ መርዳሳን ከሁሉ በላይ አበገነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አዋሽ ዳር ወረዱ። መርዳሳ ውኃ መጠጫው አጠገብ ያለውን ግራር መረጠለት።

"ዛሬ ትልቁን ታያለህ። ያልኩህን አትርሳ።"

"አልረሳም፣ ጋሼ።"

ልጁ ወጣ፤ ቅርንጫፉ መንታ ላይ ተቀመጠ። መርዳሳ እታች ቁጥቋጦ ውስጥ ተጋደመ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቀንደ ጥምዝ ወንድ አጋዘን መጣ። ቆመ፣ አሸተተ፣ ምንም አላገኘም። አንገቱን ደፍቶ መጠጣት ጀመረ።

የምንሽሩ አፈሙዝ አጋዘኑን ተወው። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ዞረ።

ሚኪያስ አየው። ከኋላው ሌላ ነገር የመጣ መስሎት ይሆናል። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

መርዳሳ ተኮሰ።

አጋዘኑ በርግጎ ጠፋ። የቀረውን ሥራ አዞዎቹ እንዲጨርሱት መርዳሳ ሬሳውን ጎትቶ አዋሽ ውስጥ ጣለው፤ ስልኩንም አስከተለው። እጁን በአሸዋ አሽቶ ታጠበ። ራህመቶ ከተያዘ ወዲህ አንዴም ያልቀመሰው እፎይታ ተሰማው።

"ሚኪያስስ?" አለችው ቡዜ ቤት ሲገባ።

"ወደ አዳማ ተሳፈረ።"

"ሳይሰናበተኝ?" አለችና ፈገግ አለች። "ይሁን፣ አፍሮ ነው።"

መርዳሳ ቆዳዎቹን አቃጠለ፣ ምንሽሩን ቀበረ። ሰዎቹ ሲመጡ የሚያገኙት አንድ ድሃ ገበሬ ነው፤ ያውም እንዲህ ያለ ልጅ አይቶ የማያውቅ። በልቶ ተኛ።

እሁድ ማለዳ ውሾቹ ጮኹ። ሦስት ሰዎች ከባጃጅ ወረዱ። የደንብ ልብስ የለበሰ የለም፤ መሣሪያም አልያዙም። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ደርበዋል። ቡዜ ቀድማው አጥሩን ከፈተች፤ ቤቱ ውስጥ ሳር ጎዝጉዛ ነበር።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ መርዳሳ።

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ከዘራቸውን ተደግፈው ባሉበት ቆሙ።

"የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጃችን ሚኪያስ 'ሳያውቁኝ ልጃቸውን አይሰጡኝም' ብሎ እርስዎ ሥር ከረመ። እንግዲህ አውቀውታል፤ ኢፍቱን ይስጡን።"