የጭራቁ እጆች

በያጁ ባሏ ገጽ መግለጡን ሲያቆም የደራሲዋ ልብ ድው አለ። መጽሐፉ ያን በድሮ ልቦለድ የሚታወቅ፣ ከሬሳ ቁርጥራጭ ተሰፍቶ የተሠራ ጭራቅ የተለያዩ ደራሲዎች በየፊናቸው እንደ አዲስ የጻፉበት የአጭር ልቦለድ መድብል ነበር፤ የመጨረሻው ታሪክ የእሷ ነው። ሳታስነብበው ነበር ያሳተመችው። አሁን ጀርባዋን ሰጥታው የታጠበ ሳህን ደግማ ታጥባለች። እሱ ደግሞ ጭራቁ ብርጭቆ እንዳይሰበርበት ፈርቶ በሁለት እጁ አቅፎ የሚይዝበት ቦታ ላይ ደርሷል። ቀስ ብሎ የራሱን እጆች አየ። የብየዳ ፍንጣሪ የለበለባቸው ሰፋፊ እጆቹ የሻይ ብርጭቆውን እንደ ጫጩት አቅፈውታል።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ የኔ እጅ ነው!» አለ።

«ሌላ እጅ መቼ አውቃለሁ?» አለችው፤ ድምጿ ቀጥኖባት።

ወደ ንባቡ ተመለሰ። ታሪኩ የሚያልቀው ሰው ሁሉ የሸሸው ጭራቅ መስኮት ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ነው። እዚያ ሲደርስ መጽሐፉን ከደነና ፊቱን አኮሳተረ።

«እጁን እሺ፣ ውሰጂ። መጨረሻው ግን አልተዋጠልኝም።»

«ምኑ?»

«ብቻውን የሚጠጣው ሚስቱ የት ሄዳ ነው?»

በእግሩ ወንበር ሳበላት። ከዚያ ብርጭቆውን እንደ ልማዱ በሁለት እጁ አንስቶ፣ የቀረውን ሻይ እኩሌታ ጠብ ሳያደርግ ጠረጴዛው ላይ ባለው ባዶ ብርጭቆዋ ውስጥ አንቆረቆረላት።